ድንቢጥ ትምህርት ቤቱ እስኪጠራት

የካቲት 3

ድንቢጥ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ መስታወት የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ። ራቅ ያለ ከተማ ውስጥ ያለው የንግድ ትምህርት ቤት ከአመልካች የሚጠይቀው ነው፦ የአራት ዓመት ውጤት፣ ከአስተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ስለ ራስ የሚጻፍ ጽሑፍ፣ ለተመረጡት ደግሞ ቃለ መጠይቅ።

"እታዬ፣ ከሃያ አመልካች አንዱን ነው የሚቀበሉት" አለችኝ እየሳቀች።

"ያቺ አንዷ አንቺ ነሻ!"

"አሥራ ዘጠኙስ ቤታቸው እንዲህ አልተባሉም?"

ይሄን አፏን እዚያም ይዛው ከሄደች አትወድቅም። ነገር እየተምታታብኝ ስለሆነ የሚሠራውን ሁሉ እዚህ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አባቷ ወንድሜ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ የእሱ ሐሳብ ጎማና ጭነት ላይ ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ፣ ፊደል ሳትቆጥር ጀምሮ እኔ ጋ ናት። የመጣች ሰሞን ከፍሬሙ መደርደሪያ ጀርባ ተደብቃ ጭንቅላቷን ብቅ ጥልቅ ስታደርግ ያየ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ነው ድንቢጥ ያላት። ስሟ ሆኖ ቀረ።

የካቲት 5

የሒሳብ አስተማሪዋን ማነጋገር። የጫማዋ ተረከዝ አልቋል፤ ለቃለ መጠይቅ አይሆንም። (ለቃለ መጠይቅ ትደርሳለች ያለኝ ማነው? ዝም ብዬ ነው።)

የካቲት 8

አስተማሪውን በእረፍት ሰዓት አገኘሁት። ጣቱ ላይ ጠመኔ፣ አፉ ውስጥ ዳቦ ነበር። "ውጤቷ ጥሩ ነው" አለኝ። ደስ ሲለኝ አየና ቶሎ ብሎ ጨመረበት። "እዚያ የሚያመለክት ሁሉ ግን ውጤቱ ጥሩ ነው። ውጤት እስከ በሩ ነው የሚያደርሳት። ከዚያ ወዲያ እሷን ከሌላው የሚለይ ነገር ይፈልጋሉ።"

"ምን ዓይነት ነገር?"

"ራሷ ጀምራ የሠራችው።"

"ሱቅ ትረዳኛለች።"

"መርዳት አይደለም እህቴ። የጀመረችው።"

መንገዱን ሙሉ ድንቢጥ የጀመረችውን ሳስብ መጣሁ። ሹራብ ጀምራለች። ጊታር ጀምራለች። በመጀመርማ ማን ይችላታል! ለፀጉር አስተካካዩ ብነግረው ምላጩን ከሰው አንገት ላይ ሳያነሳ፣ "የክርክር ክበብ ግቢ በያት፤ ካንቺ ጋር ስትለማመድ አይደል ያደገችው" አለኝ።

የካቲት 11

መላውን ራሷ አመጣችው። ሰው የተሰበረ ፍሬም ይዞ ሲመጣ ሳምንት ቆይተው ይመለሱ እንላለን። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ላይ ጠረጴዛ አውጥታ፣ ሰው ቆሞ እያየ እዚያው ልትጠግንለት ነው፤ ጥጉ የተላቀቀውን፣ ማንጠልጠያው የወለቀውን፣ መስታወቱ የተሰነጠቀውን።

"ሰው ቆሞ እያየሽ እጅሽ ይንቀጠቀጣል" አልኳት።

"የሚንቀጠቀጠው ያንቺ ነው" አለችኝ።

እውነቷን ነው።

የካቲት 13፣ ቅዳሜ

እስከ እኩለ ቀን ማንም አልመጣም። ጠረጴዛዋን ደጋግማ ወለወለች። በመጨረሻ ፀጉር አስተካካዩ የንግድ ፈቃዱን ከነፍሬሙ ከግድግዳው አውርዶ መጣ።

"ይሄን ጠግኚልኝ።"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ አልተሰበረም።"

"ታዲያ ስበሪውና ጠግኚው! እኔ ነኝ ሁሉን የማሳይሽ?"

የካቲት 20፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። አጭር ሰልፍ ነው፤ ግን ሰልፍ ነው። አንዲት ሴትዮ ስልኳን አውጥታ ድንቢጥን ቀረጸቻት። ድንቢጥ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። እጇ የአባቴን የአባባን እጅ ይመስላል፤ ሚስማሩን በአንድ ምት። ይህን ሱቅ ያቀናው አባባ ይህችን ልጅ ቢያያት ምን ይል ነበር እያልኩ አንድ መስታወት አሳጥሬ ቆረጥኩ።

የካቲት 23

ጽሑፉ ላይ ተጣላን። "ይህን ትምህርት ለምን መረጡ?" ነው ጥያቄው። እሷ የጻፈችው "የመጀመሪያው ቅዳሜ ማንም አልመጣም" ብሎ ይጀምራል። ሊቀበሉሽ ነው ወይስ ሊያዝኑልሽ አልኳትና ብዕሬን አወጣሁ። "ከልጅነቴ ጀምሮ የንግድን ጥበብ ከሥር መሠረቱ የመማር ጥልቅ ምኞት በልቤ ውስጥ ነበር" ብዬ ጀመርኩላት። ከዚያ ወዲያ ቃሉ ራሱ ይመጣልኝ ጀመር። አንድ ገጽ ሙሉ ሳልሰርዝ ጻፍኩ።

ቆማ፣ ጉሮሮዋን አጽድታ፣ እንደ ዜና አንባቢ አነበበችው። ሳቄ መጣ። ስትጨርስ ግን እሷ አልሳቀችም።

"እታዬ፣ ይሄ እኮ እኔ አይደለሁም።"

"ታዲያ ማነው?"

"ከልጅነትሽ ጀምሮ ነው እንዴ የምትፈልጊው?"

እራት እየቀዘቀዘ ነው አልኳት።

የካቲት 30

ማመልከቻውን በእጃችን ለመስጠት በሌሊቱ አውቶቡስ ሄደን፣ አሁን ማታ ተመለስን። እግሬ አብጧል፤ እንቅልፍ ግን የለኝም።

የማመልከቻ ክፍሏ ሠራተኛ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ከኮፒው ጋር አስተያየችና ዋናውን መለሰችልን። ድንቢጥ ግቢውን ልታይ ከሌሎች አመልካቾች ጋር ስትዞር እኔ አንድ የተከፈተ በር አገኘሁ። ወንበሮቹ እንደ ደረጃ ወደ ላይ የሚወጡበት ሰፊ ክፍል ነው። ወለሉ ገና ተወልውሎ የሰም ሽታ አለው። ሰሌዳው ላይ ያልጠፋ ጽሑፍ ነበር፤ የአንድ ፋብሪካ ወጪና ገቢ፣ ከጎኑ በትልቁ "የት ላይ ነው የሚከስረው?" የሚል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ላይ አንዱ ስሙን ቀርጾበታል፤ ጣቴን አስገብቼ ተከተልኩት። ሰሌዳውን ሳየው ቆየሁ። የሚከስረው ማጓጓዣው ላይ ይመስለኛል።

ጥበቃው መጣ። "እናቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?"

"ማንንም።"

"ታዲያ ምን ይሠራሉ?"

"ልነሣ ነው" አልኩት። ከመነሣቴ በፊት ግን ትንሽ ቆየሁ፤ እሱም አላስቸገረኝም።

በአውቶቡሱ መስኮት የማያልቀውን ሜዳ ሳይ ድንቢጥ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። ይህን ሁሉ መንገድ ነው የምትሄደው። ጥሩ ነው። ጥሩ መንገድ ነው፤ አስፋልቱም አዲስ ነው።

ጽሑፉን በተመለከተ ዛሬ ነው የነገረችኝ። የኔን አልሰጠቻቸውም። "ማንም አልመጣም" የሚለውን ነው ያስገባችው።

መጋቢት 6

ዛሬ እሷ ትምህርት ቤት እያለች የሒሳብ መጽሐፏን ገልጬ አንድ ጥያቄ ሠራሁ። መልሱ ከኋላ ካለው ጋር አንድ ሆነ። ለማንም አልተናገርኩም።

መጋቢት 7

አንድ ነገር አደረግሁላት፤ ገና አላየችውም። የትምህርት ማስረጃዋ ጉዳዩ ስላለቀ መሳቢያ ውስጥ ከሚጨማደድ ብዬ ፍሬም አስገባሁት። ለራሴ ያስቀመጥኩት ጥቁር ጣውላ ነበር፤ እሱን ነው የቆረጥኩለት። ማኅተሙ ቀይ፣ ውጤቶቹ በተርታ፣ ጥግ ላይ የእሷ ጉርድ ፎቶ፣ ዓይኗን አፍጥጣ።

አባባ የሰው ማስረጃ አይለጠፍም ይል ነበር። ፎቶ በኮላ ይለጠፋል፤ ማስረጃ ግን አራት ጥጉ ትንንሽ የወረቀት ኪስ ተሠርቶለት፣ ባለቤቱ በፈለገ ሰዓት መዝዞ እንዲያወጣው ሆኖ ነው የሚቀመጠው። እኔም ለደንበኛ አንድ ቀን ለጥፌ አላውቅም። የድንቢጥን ግን ጀርባውን ሙሉ ኮላ ቀብቼ፣ በሮለር ዳምጬ ለጠፍኩት። ኪስ የሚሠራው ለሚሄድ ወረቀት ነው። ይሄ የእኛ ነው፤ የትም አይሄድም።

ከመቁረጫ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ሰቀልኩት። ቀና ባልኩ ቁጥር አያታለሁ።

መጋቢት 20

ተመረጠች! ለቃለ መጠይቅ ተመረጠች! መልእክቱን ጮክ ብላ ስታነብ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ጥሎት መጣ። "ክብርት ሥራ አስኪያጅ!" እያለ እጅ ነሳት። እኔ እልልታዬን ሳልጨርስ ድንቢጥ የመጨረሻውን መስመር አነበበች፦ "ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ።"

ሦስታችንም ግድግዳውን አየን።

መጋቢት 21

ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድን፤ ምትክ እንዲሰጡን።

"ዋናው ጠፍቷል?" አለ ጸሐፊው።

"አልጠፋም።"

"ተቀዷል?"

"አልተቀደደም።"

"ታዲያ ምን ሆነ?"

"ተለጠፈ።"

"ምን ላይ?"

"ካርቶን ላይ።"

ዓይኑን ከወረቀቱ አነሳ። "ማነው የለጠፈው?"

ድንቢጥ ጫማዋን አየች። እኔ ነኝ አልኩ። ሥራዎ ምንድነው አለኝ። ነገርኩት። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልሳቀም። ምትክ ለማውጣት ወር ያልፋል፤ ቃለ መጠይቁ የሚቀጥለው ሳምንት ነው።

መጋቢት 22

ውሃ አፍልቼ በእንፋሎቱ ሞከርኩ። ጥጉ ብቅ አለ። ሳብ ሳደርገው ማኅተሙ አብሮ መሰንጠቅ ጀመረ። ተውኩ።

ድንቢጥ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ምን ነበረበት።

መጋቢት 24

ከነፍሬሙ ልትይዘው ወሰነች። ብርድ ልብስ ጠቅልለንበት ተለማመድን፤ በብብቷ ስትይዘው የአንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ይወጣል፤ በር ሲገባ ያስቸግራል። ፀጉር አስተካካዩ በሩን ይዞላት እየሳቀ ቆየና ወደኔ ዞሮ፣ "አደራ፣ ልጅቷንም እንዳትለጥፊያት!" አለ። ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ።

መጋቢት 29

ትናንት ብቻዋን ሄዳ ዛሬ ጠዋት ገባች። ነገሩን ከነገረችኝ በኋላ አሁን ተኝታለች፤ ሳልረሳው ልጻፈው።

ሦስት ሰዎች ናቸው የጠየቋት። ብርድ ልብሱን ፈታ ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ ስታቆመው በመሀል የተቀመጠችው ሴትዮ መነጽሯን አወለቀች።

"ይሄ ምንድነው?"

"ዋናው የትምህርት ማስረጃዬ ነው።"

"ይውጣና እንየው።"

"አይወጣም። አክስቴ ለጥፋዋለች።"

"አክስትሽ ሥራዋ ምንድነው?"

"ፍሬም ሠሪ ናት።"

ያኔ ሳቁ። ዳሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ግን፣ "ለደንበኛም እንዲህ ታደርጋላችሁ?" አላት። ለደንበኛ በወረቀት ኪስ እንደምናደርግ ነገረችው። "ታዲያ ያንቺን ለምን?" ሲላት፣ "አላውቅም" አልኩት አለችኝ፤ እንዲህ ስትለኝ ግን ዓይኔን አላየችም።

ከዚያ ሱቁን ብትረከቢ ምን ትለውጫለሽ ብለው ጠየቋት። አብረን ያጠናነውን አልመለሰችም። "አክስቴ ሰውን እምቢ ማለት አትችልም፤ ሁሉን እሺ ስለምትል ሁሉም ይዘገይባታል። እኔ ብሆን በአንድ ቀን የምቀበለውን ሥራ እወስናለሁ" አለቻቸው። ቅር አለኝ። እውነት ስለሆነ ነው ቅር ያለኝ። ሴትዮዋ ጻፈችው አለችኝ።

ፍሬሙ በሰላም ተመልሷል። ሰቅዬዋለሁ። ለአንድ ቀን ባዶ ሆኖ የዋለው ግድግዳ ሥራ አላሠራኝም ነበር።

ሚያዝያ 17

ተጠባባቂ። አልገባችም፣ አልወደቀችምም። ከገቡት ውስጥ የሚቀር ሰው ካለ በተራ እንጠራለን ይላል መልእክቱ። ከእሷ በፊት ስንት ሰው እንዳለ አይናገርም።

ድንቢጥ፣ "እሺ" አለች። ሻይ ቀዳች። ስኳር ረሳች።

ያ ማስረጃ ንጹሑን ቢቀርብ ኖሮስ? ስለ ፍሬሙ ሲስቁ ጊዜው አልቆባት ይሆን? ስለ ትምህርቷ በሚጠይቋት ደቂቃ ስለ ኮላ ጠየቋት። እኔ ነኝ። እኔው ነኝ።

ሚያዝያ 26

ቅርብ ያለው ኮሌጅ በሰኔ ይመዘግባል። በእግር የሚኬድ ነው። ትምህርቷን ስላጠናቀቀች እስከዚያ ሙሉ ቀን ሱቅ ልትሠራ ተስማማን። ባለችው መሠረት በር ላይ ወረቀት ለጥፋለች፦ "የዛሬ ሥራ ሞልቷል፤ ለነገ እንቀበላለን።" ሰው ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ማንም አልተቆጣም። በሰዓቱ ዘግተን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታችን ገባን። ይህን ሁሉ ዓመት ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቴ ሆኜ አላየሁም ማለት ነው።

ግንቦት 4

ደስ የሚል ሰሞን ነው። ይህን መጻፍ ደግ ነገር አይመስለኝም፤ ግን ነው። ድንቢጥ መቁረጫውን አልማዝ ይዛ መስታወት ስትቆርጥ የሚወጣው ድምፅ አንድ ወጥ ነው፤ ሳይቆራረጥ። አብረን እንዘፍናለን። ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳውን ይደበድባል፤ ዝም በሉ ለማለት ይሁን ለማጀብ አይታወቅም።

ግንቦት 9

ከጓዳ ሆኜ ድንቢጥ በስልክ ለጓደኛዋ ስትናገር ሰማሁ። "... አይ፣ አሁንማ አይጠሩኝም። ቢጠሩኝስ? እሷን ማን ጋ ጥዬ? ... አትጠይቂኝ ባክሽ፤ ያቺን ወንበሯ እንደ ደረጃ የሚወጣ ክፍል አሁንም በሕልሜ አያታለሁ ... ስሚ፣ መጣች።"

አልመጣሁም ነበር። የሰማችው የወደቀብኝን መስታወት ነው። ትልቁን ነው የሰበርኩት።

ግንቦት 21

ወንድሜ ጭነት አራግፎ ጎራ አለ። ድንቢጥ በአንድ እጇ ሚስማር፣ በሌላው ደረሰኝ ይዛ ሰው ስታስተናግድ አየና ወንበሩ ላይ ዘና አለ።

"እትዬ፣ እንዲህ ብትሆኑስ ምን አለበት? ለአንቺም ሰው ነው፣ ለእሷም ቤት ነው። የሰው አገር ሄዳ ምን ልትሆን?"

"ተጠባባቂ ናት" አልኩት።

"ተጠባባቂማ እኔም ነበርኩ፤ ይኸው ሹፌር ሆንኩ!" ብሎ ሳቀ።

እሱ የሚለውን በልቤ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሰኔ 7

ዛሬ የኮሌጁ ምዝገባ የመጨረሻ ቀን ነው። ድንቢጥ በጠዋት ሄደች። እኔ አንድ የሠርግ ፎቶ ስለካ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ማመልከቻው ላይ የሞላነው ቁጥር እሱ ነው።

"ከንግድ ትምህርት ቤቱ ነው። እናቷ ነዎት?"

"አክስቷ ነኝ።"

"ፍሬም ሠሪዋ?" አለች ሴትዮዋ፤ ድምጿ ፈገግታ ነበረው። ከገቡት አንድ ልጅ ውጭ አገር ዕድል አግኝቶ ለቋል፤ ተራው የድንቢጥ ነው። "ግን አሁኑኑ ማወቅ አለብን። ሌላ ቦታ ተመዝግባ ከሆነ፣ ወይም ሐሳቧን ከቀየረች፣ ለሚቀጥለው ልጅ ነው የምንደውለው። አሁንም ትፈልጋለች?"

ሴትዮዋ የምታውቀው ነገር የለም። ተመዝግባለች ብላት ውሸትም አይሆን ይሆናል፤ በዚህ ሰዓት ተራዋ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ድንቢጥም ስልኩ መደወሉን አታውቅም ነበር። ማታ መጥታ መዝግበውኛል ትላለች፣ ሻይ እናፈላለን፣ ነገ ሱቁን አብረን እንከፍታለን። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አየሁት፤ ሻይውን ሳይቀር።

"ሄሎ? ይሰሙኛል?"

"ትፈልጋለች" አልኩ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አዎ። እዚያ ማታ ማታ ይበርዳል? ብርድ አትችልም።"

"ሁለት ብርድ ልብስ ይሰጣቸዋል" አለችኝ።

ሱቁን እንዳለ ጥዬ፣ "አንድ ጊዜ እይልኝ" ብዬ ለፀጉር አስተካካዩ ጮኼ ሮጥኩ። የሥራ ሽርጤን አላወለቅሁም፤ ኮላው ደርቆበታል። ኮሌጁ በር ላይ ሰልፉ ግቢውን ዞሮ ይሄዳል። ድንቢጥ መስኮቱ ጋ ልትደርስ ሁለት ሰው ብቻ ቀርቷታል።

ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። "እታዬ! ምን ሆንሽ? አባዬ ነው?"

"አባትሽ ደህና ነው። ደወሉ።"

"እነማን?"

ትንፋሼ አልመለስ አለኝ። ከዓይኔ ተረዳችው። አፏን በመዳፏ ያዘች፤ እግሯ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀም። ሰልፉ አንድ ሰው ወደፊት ሄደ። እሷ አልሄደችም። እኔን ታየኛለች፤ ልጅ ሆና ስትመጣ ከመደርደሪያው ጀርባ እንዳየችኝ ሳይሆን፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ፊቴን መርምራ፤ ሽርጤን፣ እጄን፣ እንደገና ፊቴን። የምትጠይቀኝ ገብቶኛል፦ ማን ጋ ጥዬሽ? ማንም አፍ አውጥቶ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም።

ከኋላዋ የቆመችው ልጅ ትዕግሥቷ አልቆ ትከሻዋን ነካች። "እቱ፣ ትቆሚያለሽ ወይስ ትወጪያለሽ?"

እኔ ነኝ የመለስኩላት።

"ትወጣለች" አልኩ።